ስለ ቤት ኪራይ አበልና ስለ ግብሩ አቈጣጠር

ሰው በዚህ ዓለም ሲኖር ከምግብና ከልብስ ቀጥሎ የማይቀርበት ነገር ማደሪያ ነው። ምግቡን ቢቸግረው ከሦስት ጊዜ ወደ ሁለት ጊዜ ይቀንሰዋል፤ ልብሱንም ጠግኖ ለከርሞ ያሳድረዋል፤ ቤቱን ግን በዚህ ወር ግማሹን ብቻ ልከራይ ሊል አይችልም። ወሩ ባለቀ ጊዜ አከራዩ የሚጠይቀው ሙሉውን ነው። ይልቁንም በወር ደመወዝ የሚተዳደር ሰው፤ ደመወዙ ከእጁ ሳይገባ ሁለት ባለ መብቶች ይጠብቁታል፤ አንደኛው መንግሥት ስለ ግብሩ፤ ሁለተኛው አከራዩ ስለ ኪራዩ።

ስለዚህ ነገር በብዙ አገር የሚገኙትን ሕግ አውጪዎች አንድ ጥያቄ ሲያከራክራቸው ኖሯል። አሠሪው ለቤት ኪራይህ ይሁንህ ብሎ ከደመወዙ ለይቶ ለሠራተኛው የሚሰጠው ገንዘብ፤ በሠራተኛው እጅ ውሎ ሳያድር ወደ አከራዩ የሚያልፍ ከሆነ፤ የሠራተኛው ገቢ ነው ተብሎ ግብር ይከፈልበት ወይስ አይከፈልበት? ይከፈልበት የሚሉት ሰዎች፤ ገንዘብ ገንዘብ ነው፤ ስሙን አበል ብንለው ባሕርዩ አይለወጥም ይላሉ። አይከፈልበት የሚሉት ደግሞ፤ ሰው ሥራውን ለመሥራት ከሥራው አጠገብ ማደር ግድ ስለሚሆንበት ለኪራይ ያወጣው ገንዘብ እንደ ትርፍ ሊቈጠርበት አይገባም ይላሉ። የሁለቱንም ወገን ቃል ሰምቶ በመካከል መሥመር ካሠመሩት አገሮች አንዷ ህንድ ናትና፤ የአቈጣጠሩን ነገር ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ልናስረዳ አሰብን። የቍጥር ነገር ያሰለቻል የሚል ቢኖር፤ ከደመወዙ የሚቈረጠውን ራሱ ሳይቈጥር የሚኖር ሰው ስንት እንደ ተቈረጠበት የሚያውቅለት ሌላ ሰው መሆኑን እንዲያስብ እንለምነዋለን።

በህንድ አገር የገቢ ግብር ሕግ በ1961 ወጥቶ ማስፈጸሚያው ደንብ በ1962 ተከተለው። ስለ ህንድ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስተውልልን። የ1961ዱ ሕግ ከስድሳ ዓመት በላይ ካገለገለ በኋላ፤ በ2025 የወጣ አዲስ የገቢ ግብር ሕግ ከኤፕሪል 1 ቀን 2026 ጀምሮ እንዲተካው ታውጇል። እኛ ግን ስሌቱን የምናስረዳው በፊተኛው ሕግና በ1962 ደንብ እንደ ተሠራበት ነው፤ ሰው በብዛት የለመደውና የተከራከረበት እርሱ ነውና።

ደንቡ ሦስት ቍጥሮችን ጐን ለጐን ያስቀምጥና ከሦስቱ ታናሹን ብቻ ከግብር ነፃ ያደርጋል። ፊተኛው ቍጥር ሠራተኛው ከአሠሪው በእውነት የተቀበለው የኪራይ አበል ነው። ሁለተኛው፤ ለአከራዩ ከከፈለው ኪራይ ላይ የደመወዙ አሥረኛ እጅ ተነሥቶ የሚተርፈው ነው። ሦስተኛው የደመወዙ እኩሌታ ነው፤ ይህም የተከራየው ቤት ዛሬ ሙምባይ በምትባለው በቦምባይ፤ ወይም በካልካታ፤ ወይም በዴሊ፤ ወይም ዛሬ ቼናይ በምትባለው በማድራስ የሚገኝ ሲሆን ነው። ቤቱ ከነዚህ ከአራቱ ከተሞች ውጭ ከሆነ እኩሌታ መሆኑ ቀርቶ ከመቶ 40 ይሆናል። ከሦስቱ ታናሹ ተለይቶ ነፃ ከወጣ በኋላ ከአበሉ የቀረው ሁሉ ከደመወዝ ጋር ተደምሮ ግብር ይከፈልበታል።

በዚህ ስሌት ውስጥ ደመወዝ ሲባል ምን ማለት እንደ ሆነ አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዚህ ነውና። ደንቡ ደመወዝ የሚለው ዋናውን ደመወዝ ነው። የኑሮ ውድነት አበል የሚጨመርበት፤ በቅጥሩ ውል መሠረት ለጡረታና ይህን ለመሰለ ጥቅም የሚታሰብ ሲሆን ብቻ ነው። ሻጭ ሆኖ ከሸጠው ዋጋ ላይ በመቶኛ የተወሰነ ኮሚሲዮን የሚቀበል ሠራተኛም ኮሚሲዮኑ ይደመርበታል። የመጓጓዣ፤ የትርፍ ሰዓትና ሌላ ሌላው አበል ግን አይገባም። ይህን ሳይለዩ የተቀበሉትን ሁሉ ደምረው አሥረኛውን ያሰሉ ሰዎች ከሚገባው በላይ ከኪራያቸው ስለሚያነሡ፤ ሕግ የሰጣቸውን ጥቅም በገዛ እጃቸው ይቀንሱታል።

ነገሩ በምሳሌ ይገለጣል። አንድ የጽሕፈት ሠራተኛ በዴሊ ከተማ ተቀምጧል እንበል። ዋናው ደመወዙ በወር 40,000 ሩፒ፤ ለጡረታ የሚታሰብ የኑሮ ውድነት አበሉ 10,000 ሩፒ ነው። ስለዚህ ለስሌቱ የሚያገለግለው ደመወዝ በወር 50,000፤ በዓመት 600,000 ሩፒ ይሆናል። አሠሪው ለኪራይ በወር 20,000 ሩፒ ይሰጠዋል፤ ይህም በዓመት 240,000 ነው። እርሱ ለአከራዩ በወር 18,000 ሩፒ ይከፍላል፤ በዓመት 216,000 ነው። እንግዲህ ፊተኛው ቍጥር 240,000 ሆነ። ሁለተኛው፤ ከ216,000 ላይ የ600,000 አሥረኛ 60,000 ሲነሣ 156,000 ሆነ። ሦስተኛው የ600,000 እኩሌታ 300,000 ሆነ። ከሦስቱ ታናሹ 156,000 ስለ ሆነ፤ ከግብር ነፃ የሚወጣው ይህ ነው፤ ከአበሉ የቀረው 84,000 ሩፒ ግን ግብር ይከፈልበታል። የዚህ ሰው ገቢ በቀድሞው ሥርዓት ከመቶ 20 በሚከፈልበት ደረጃ የሚያርፍ ነውና፤ 156,000ው ነፃ በመሆኑ የዳነለት ግብር 31,200 ሩፒ ነው፤ በግብሩ ላይ የሚታከለው ከመቶ 4 ሲጨመርበት 32,448 ሩፒ ይሆናል። ከሚከፍለው ኪራይ ጋር ሲተያይ የሁለት ወር ኪራይ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው።

ሦስቱ መለኪያዎች በዘፈቀደ የተቀመጡ አይደሉም፤ እያንዳንዱ አንድ በር የሚጠብቅ ዘበኛ ነው። ፊተኛው ሰው ካልተቀበለው ገንዘብ ላይ ነፃነት እንዳይጠይቅ ይጠብቃል። ሦስተኛው ደግሞ ባለ ትልቅ ደመወዝ የሆነ ሰው እንደ ቤተ መንግሥት ያለ ቤት ተከራይቶ ወጪውን ሁሉ በመንግሥት ግብር ላይ እንዳያሳርፍ ይከለክላል። የስሌቱ ልብ ግን መካከለኛው ነው። መካከለኛው መለኪያ ለሠራተኛው የሚለው ቃል ይህ ነው፤ የደመወዝህን አሥረኛ እጅ ለማደሪያህ ማውጣት የራስህ ዕዳ ነው፤ ከዚያ በላይ ያወጣኸውን ግን እኔ እንደ ገቢህ አልቈጥርብህም። አሥራት የሚለውን ቃል አገራችን ከእርሻ ፍሬ በሚከፈለው ግብር አጥብቃ ታውቀዋለችና፤ ይህ ዓይነት አከፋፈል ለኛ ሰው ጆሮ እንግዳ አይሆንም ብለን እናምናለን። በዚህም ምክንያት ከላይ የጠቀስነው ሠራተኛ በወር 5,000 ሩፒ ብቻ የሚከፈልበት ቤት ቢያገኝ፤ ኪራዩ ከደመወዙ አሥረኛ ጋር ትክክል ይሆናልና የ20,000ው አበል አንዲት ሩፒ እንኳ ነፃ አይወጣለትም። በራሱ ቤት የሚኖር ወይም ምንም ኪራይ የማይከፍል ሰውም እንደዚሁ ነው። አበሉ የሚነፃው ስሙ የኪራይ አበል ስለ ተባለ ሳይሆን ኪራይ ስለ ተከፈለበት ነው።

ደግሞ ስሌቱ ቤቱ ለተያዘበት ጊዜ ብቻ የሚሠራ መሆኑን ልብ ማለት ይገባል። ደመወዝ በተጨመረ ጊዜ፤ ኪራይ በተለወጠ ጊዜ፤ ሰውዬው ከከተማ ወደ ከተማ በተዛወረ ጊዜ ወራቱ ይለያዩና ለየራሳቸው ይታሰባሉ። ያው ሠራተኛ ለስድስት ወር በዴሊ ተከራይቶ ቢቀመጥ፤ የቀረውን ስድስት ወር ግን በአባቱ ቤት ያለ ኪራይ ቢኖር፤ ለተከራየባቸው ወራት የከፈለው 108,000 ሩፒ ነው፤ በነዚያ ወራት ያገኘው ደመወዝ 300,000 ስለ ሆነ አሥረኛው 30,000 ይነሣና 78,000 ነፃ ይወጣለታል። ወራቱን ሳይለይ በዓመቱ ደመወዝ ያሰላ ሰው ግን 60,000 ያነሣና 48,000 ብቻ ያገኛል። በዚህች ስሕተት ብቻ በ30,000 ሩፒ ላይ የማይገባውን ግብር ይከፍላል ማለት ነው። የሒሳብ ሹሙ ሲሳሳት የሚያርመው ሠራተኛው ራሱ ስሌቱን ያወቀ እንደ ሆነ ነው።

የዚህ ሁሉ መሠረት ግን አንዲት ትንሽ ወረቀት ናት፤ እርስዋም የኪራይ ደረሰኝ ናት። በህንድ አገር ሠራተኛው የበጀቱ ዓመት በማርች መጨረሻ ሳይዘጋ ደረሰኞቹን ለአሠሪው ያቀርባል፤ አሠሪውም ነፃውን ለይቶ በቀረው ላይ ግብሩን ይቈርጣል። ደረሰኙን በጊዜው ያላቀረበ ሰው ግብሩ ይቈረጥበታል፤ ዳሩ ግን በዓመቱ መጨረሻ በሚያቀርበው የገቢ ማስታወቂያ ላይ ጠይቆ ሊመለስለት ይችላል። ኪራዩ በዓመት ከ100,000 ሩፒ የሚበልጥ ሲሆን የአከራዩን የግብር ከፋይ መለያ ቍጥር ማስታወቅ ግዴታ ተደርጓል። በዚህ ትእዛዝ ውስጥ ብልሃት አለበት፤ ተከራዩ ነፃነቱን ለማግኘት ሲል አከራዩን ለመንግሥት ያሳውቃል፤ መንግሥትም ከተከራዩ የተወውን ግብር ከአከራዩ ገቢ ላይ የመፈለግ መንገድ ያገኛል። ስለዚህም ነው ቍጥሬን አልሰጥም፤ ከፈለግህ ኪራዩን ጨምርና እሰጥሃለሁ የሚል አከራይ የማይታጣው። በዚህ ጊዜ ሕግ ለተከራዩ የሰጠውን ጥቅም አከራዩ ይካፈለዋል ማለት ነው።

ለወላጅ ወይም ለዘመድ ኪራይ መክፈልም በሕጉ የተከለከለ አይደለም፤ እውነተኛ ይሁን እንጂ። ወላጁም የተቀበለውን በገቢው ላይ ማስታወቅ አለበት። ዳሩ ግን ሰው በእናቱ ቤት እየኖረ ደረሰኝ ብቻ እያጻፈ ነፃነት ሲጠይቅ ነገሩ ሌላ ይሆናል። በ2017 በሙምባይ የግብር ይግባኝ ሰሚ ጉባዔ ፊት የቀረበ አንድ ጉዳይ ነበር፤ ለእናቴ በእጅ ከፍያለሁ የተባለው ኪራይ በባንክም ሆነ በሌላ በሚታመን ማስረጃ ሊረጋገጥ ስላልቻለ፤ ጉባዔው ኪራዩ በእርግጥ የተከፈለ አይደለም ብሎ ነፃነቱን ከልክሏል። ፍርዱ መልካም ነው እንላለን። ሐሰተኛ ደረሰኝ የሚያጽፍ ሰው መንግሥትን ብቻ የጐዳ ይመስለዋል፤ ነገር ግን በርሱ ምክንያት ለመጣው ለማስረጃው ብዛትና ለምርመራው ጥብቀት የሚንገላታው በእውነት የሚከፍለው ጐረቤቱ ነው።

እስከዚህ የተናገርነው የስሌቱን ጥበብ ነው። ጕድለቱን ሳንናገር ብናልፍ ግን አንባቢን መበደል ይሆንብናል። ጕድለቱም ከአንድ በላይ ነው።

በመጀመሪያ፤ ነፃነቱ የተሰጠው በደመወዙ ወረቀት ላይ የኪራይ አበል የሚል ቃል ለተጻፈለት ሠራተኛ ነው። በአንድ ሕንፃ ውስጥ ጐን ለጐን የሚኖሩ ሁለት ተከራዮችን እናስብ፤ አንዱ ከላይ የጠቀስነው የጽሕፈት ሠራተኛ ነው፤ ሁለተኛው በትንሽ ሱቅ የሚነግድ ሰው ነው። ሁለቱም በወር 18,000 ሩፒ ይከፍላሉ። ሠራተኛው 156,000 ነፃ ይወጣለታል። ነጋዴው አበል የሚሰጠው አሠሪ የለውምና በሌላ አንቀጽ ይስተናገዳል፤ ያ አንቀጽ ደግሞ ጣሪያውን በወር 5,000 ሩፒ፤ በዓመት 60,000 አድርጎ ወስኖታል። ይህም ቢሆን በ2016 ተሻሽሎ ነው፤ ከዚያ በፊት በወር 2,000 ሩፒ ብቻ ነበር። አበል የማይሰጠው ደመወዝተኛም ዕጣው ከነጋዴው ጋር አንድ ነው። አንድ ጣራ፤ አንድ ኪራይ፤ አንድ አከራይ ሆኖ ሳለ በግብሩ ፊት ሁለት ሰዎች ተለያዩ። የለያቸውም ችግራቸው ሳይሆን የአሠሪ ጸሓፊ የጻፈው ቃል ነው።

ሁለተኛው ጕድለት ከዚህ የባሰ ነው ብለን እንገምታለን። ነፃ የሚወጣው ገቢ እንጂ ግብሩ ራሱ ስላልሆነ፤ የሚገኘው ጥቅም የሚለካው ሰውዬው በደረሰበት የግብር ደረጃ ነው። ያው 156,000 ሩፒ ነፃ ሲወጣ፤ ከመቶ 20 የሚከፍለው ሰው 31,200 ይድንለታል፤ ከመቶ 30 የሚከፍለው ባለ ትልቅ ገቢ 46,800 ይድንለታል፤ ገቢው ከማነሱ የተነሣ ግብር የማይደርስበት የጥበቃ ሠራተኛ ወይም የፋብሪካ ሎሌ ግን ምንም አያገኝም። ኪራይ አጥብቆ የሚያስጨንቀው ግን ይህን የመጨረሻውን ሰው ነው። ሦስተኛው መለኪያም በደመወዝ መቶኛ የሚሰላ በመሆኑ ደመወዝ ባደገ ቍጥር ጣሪያው አብሮ ያድጋል፤ በገንዘብ ልክ ተወስኖ የቆመ ድንበር የለውም።

ሦስተኛው የአራቱ ከተሞች ነገር ነው፤ ይህ በአጭሩ ሊነገር ይችላል። አራቱ ከተሞች ሲመረጡ የአገሪቱ ታላላቆች ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ግን ባንጋሎር በኮምፒውተር ሥራ ምክንያት ሰው የሚጐርፍባት ከተማ ሆነች፤ ሃይደራባድና ፑኔም ተከተሏት። ሆኖም በ1962 ደንብ በባንጋሎር የተከራየ ሰው ለብዙ ዓመታት በገጠር ከተማ እንደ ተከራየ ሰው ከመቶ 40 ብቻ ሲታሰብለት ኖሯል። የከተማ ስም በደንብ ውስጥ የሚጽፍ ሰው፤ ከተማ እንደ ሰው የሚያድግ መሆኑን ማሰብና የሚሻሻልበትን ጊዜ አብሮ መጻፍ ነበረበት።

ይህ ሁሉ ሲያከራክር ቆይቶ የህንድ መንግሥት በ2020 ሌላ መንገድ ከፈተ። ከፋዩ ቢፈቅድ በቀድሞው ሥርዓት ነፃነቱንና ቅናሹን እየቈጠረ ይክፈል፤ ቢፈቅድ ደግሞ የኪራይ አበልን ነፃነትና ሌላውን ብዙ ቅናሽ ትቶ ዝቅ ባለ የግብር ልክ ይክፈል ተባለ። ከ2023 እስከ 2024 ካለው የበጀት ዓመት ጀምሮ አዲሱ መንገድ ዋነኛ ሆኖ፤ የቀድሞውን የሚፈልግ ሰው መርጦ የሚጠይቀው ሆነ። ከ2025 እስከ 2026 ለሚቈጠረው ዓመት ደግሞ፤ በአዲሱ መንገድ ከደመወዝ የሚገኝ ገቢው ተቀናሹ ከተነሣለት በኋላ ከ1,200,000 ሩፒ ያልበለጠ ሰው ግብር እንዳይከፍል ተደረገ።

እንግዲህ የዴሊውን ሠራተኛ እንደ ገና እንመልከተው። ደመወዙና አበሉ በጠቅላላው በዓመት 840,000 ሩፒ ነው። ሌላ ቅናሽ ከሌለው በቀድሞው መንገድ ደረሰኞቹን ሁሉ አቅርቦ፤ 156,000ውን ነፃ አስወጥቶ፤ ለደመወዝተኛ ሁሉ የሚደረገው የ50,000 ተቀናሽ ተነሥቶለት፤ በ634,000 ሩፒ ላይ ከነጭማሪው 40,872 ሩፒ ግብር ይከፍላል። በአዲሱ መንገድ ግን አንድም ደረሰኝ ሳያቀርብ የሚከፍለው ግብር የለም። አሥራ ሁለት ወር ሙሉ አከራዩን ደረሰኝ እየለመነ የኖረ ሰው ይህን ሲያይ ምን ይል ይሆን? ከዚህ ወዲህ በቀድሞው ስሌት ተጠቅሞ የሚቀረው፤ ገቢው ከፍ ያለ፤ ኪራዩም የበዛ፤ ሌላም ብዙ ተቀናሽ ያለው ሰው ነው። ለችግረኛው ተከራይ ታስቦ የተሠራው ስሌት ችግረኛው ትቶት ሲሄድ ለባለ ጸጋው ቀረለት።

ይህን የሩቅ አገር ነገር ያነሣነው ለወሬ ያህል አይደለም። በአገራችንም የገቢ ግብር አዋጅ ቍጥር 979/2008 ከመቀጠር የሚገኝ ገቢ ሲል ከደመወዝ ጋር አበልንም ጨምሮ ነው፤ በሕግ ተለይቶ ነፃ ካልተደረገ በቀር ለሠራተኛ በጥሬ ገንዘብ የሚሰጥ የቤት አበል ከደመወዙ ጋር ይደመራል። በአዲስ አበባም ሆነ በሌሎች ከተሞች ተከራይተው የሚኖሩ ሠራተኞች፤ ይህ አበል ወደ አከራዩ የሚያልፍ ነውና ለምን ይቈረጥበታል እያሉ ሲጠይቁ ይሰማል። ጥያቄያቸው አግባብ ያለው ነው። መልሱ ግን የህንድን ደንብ እንዳለ መገልበጥ ሊሆን አይገባም።

በ2017 ዓ.ም. የወጣው የማሻሻያ አዋጅ ቍጥር 1395 ግብር የማይከፈልበትን የወር ደመወዝ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ አድርጎታል። ይህ ዓይነቱ ማቃለል ደረሰኝ አይጠይቅም፤ የአሠሪ ጸሓፊ በሚጽፈው ቃል አይለወጥም፤ አበል ያለውንና የሌለውን አይለይም። ስለዚህ ለሠራተኛው ሁሉ የሚደረግ ማቃለል በዚህ በር ቢገባ፤ ወለሉም ከኑሮው ጋር በየጊዜው እየታየ ከፍ ቢል እንመርጣለን። ዳሩ ግን ወለል ብቻውን የማይፈታው አንድ ነገር አለ። በአባቱ ቤት የሚያድር ሠራተኛና የደመወዙን እኩሌታ ለአከራይ የሚያስረክብ ሠራተኛ በወለሉ ፊት እኩል ናቸው፤ በኑሮ ግን እኩል አይደሉም። ይህን ልዩነት መቍጠር የሚችለው ያ የህንድ መካከለኛ መለኪያ፤ ኪራዩ ከአሥረኛው እጅ በላይ ሲሆን የሚለው ነው።

እንግዲያስ ወደ ፊት በዚህ ነገር ላይ የሚመክሩ ሹማምንት ቢኖሩ፤ የኛ አሳብ መካከለኛውን ወስደው ሁለቱን እንዲለውጡ ነው። በደመወዝ መቶኛ በሚሰላው ጣሪያ ፈንታ ለሁሉ አንድ የሆነ በብር የተወሰነ ጣሪያ ይደረግ። የሚቀነሰውም ከገቢው ላይ ሳይሆን ከሚከፈለው ግብር ላይ ይሁን፤ ይህ ሲሆን በአንድ ዓይነት ቤት የሚኖሩ ባለ 8,000 ብር ደመወዝና ባለ 40,000 ብር ደመወዝ ለአንድ ዓይነት ትርፍ ኪራይ አንድ ዓይነት ማቃለል ያገኛሉ። ጥቅሙም የኪራይ አበል የሚል ቃል በደመወዙ መዝገብ ለተጻፈለት ብቻ ሳይሆን በውል ለተከራየ ግብር ከፋይ ሁሉ ይድረስ።

ለዚህ የሚያስፈልገው ማስረጃ ደግሞ መንገዱ ተጀምሯል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቍጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቍጥር 1320/2016 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና ለዚህ በተመደበው አካል ዘንድ እንዲመዘገብ አዝዟል። የቃል ውል ብቻ በነበረበት ጊዜ ማን ስንት እንደሚከፍል አከራዩና ተከራዩ ብቻ ያውቁት ነበር፤ ማንም ሹም በወንበሩ ተቀምጦ ሊያሰላው የሚችል ነገር አልነበረም። ነገር ግን መዝገቡ የሚታመነው በውሉ ላይ የተጻፈው ኪራይና በእጅ የሚከፈለው ኪራይ አንድ ሲሆኑ ነው። ግብር በመፍራት በወረቀት 5,000 አስጽፎ በእጅ 9,000 የሚቀበል አከራይ ካለ፤ ነፃነቱ በተሰጠ ጊዜ የሚጐዳው ተከራዩ ነው፤ ስሌቱ የሚያየው 5,000ውን ብቻ ነውና። ስለዚህ ዛሬ ውል የሚፈራረሙ ተከራዮች የሚከፍሉትን ልክ ሳያጐድሉ እንዲያስጽፉ፤ ኪራዩንም ምልክት በሚተው መንገድ በባንክ እንዲከፍሉ እንመክራለን። መዝገቡን የሚጠብቁት መሥሪያ ቤቶችም ከተመዘገቡት ውሎች ውስጥ ኪራዩ ከተከራዩ ደመወዝ አሥረኛውን፤ ሲሶውን፤ እኩሌታውን የሚወስደው በስንቱ ላይ እንደ ሆነ ቈጥረው ቢያስታውቁ፤ ከዚህ በኋላ የሚነሣው ክርክር በግምት ሳይሆን በቍጥር ይሆናል።